የቤት ዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ፦ ስለ አጠቃቀሙና ስለ አስተማማኝነቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤት ውስጥ ሙዚቃ ያለ ጣጣ እንዲጫወትላቸው ለሚፈልጉ፣ ከቀላሉ ጥያቄ ወደ ከባዱ የተደረደረ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቤት ዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ የሚባለው በትክክል ምንድን ነው?

ዘፈን ከፋይል ወይም ከኢንተርኔት አምጥቶ በስፒከር የሚያሰማ፣ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚሠራ ዕቃ ነው። አንዳንዱ ከነስፒከሩ ይመጣል፤ ሰክቶ ማብራት ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ትንሽ ሳጥን ሆኖ ቤት ካለው አምፕሊፋየር ጋር በኬብል ይገናኛል። ዘፈኑ ከፍላሽ፣ ከሃርድ ዲስክ፣ እዚያው ቤት ካለ ኮምፒውተር ወይም እንደ ስፖቲፋይ ካለ የስትሪሚንግ አገልግሎት ሊመጣ ይችላል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። ስሊም ዲቫይስስ የተባለው ኩባንያ ከኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ በኔትወርክ የሚቀበል ማጫወቻ ያወጣው በ2001 ነው። ሶኖስ የተባለው የስፒከር ኩባንያ የመጀመሪያ ዕቃውን በ2005 ገበያ ላይ አዋለ።

ስልክና የብሉቱዝ ስፒከር አለኝ። ሌላ ነገር ለምን ያስፈልገኛል?

አንድ ክፍል ከበቃችሁና የምትሰሙት ብቻችሁን ከሆነ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የብሉቱዝ ችግሩ ዘፈኑ ከስልኩ ጋር መታሰሩ ነው። ስልክ ሲደወል ሙዚቃው ይቆማል። ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ ሌላ ክፍል ስትገቡ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ከ10 ሜትር በላይ አይዘልቁም፣ መሃል ላይ ግድግዳ ካለ ደግሞ ከዚያም በታች ይደክማሉ። ባለ ስልኩ ከቤት ሲወጣ ሙዚቃውም አብሮት ይወጣል።

በዋይፋይ ወይም በኬብል የሚሠራ ማጫወቻ ግን ዘፈኑን ራሱ ሄዶ ያመጣል። ስልኩ ሪሞት ብቻ ነው፤ ባትሪው ቢያልቅም ሙዚቃው ይቀጥላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ከስልክ ሆኖ ማጫወቻውን ለማዘዝ ከሚያገለግሉት መንገዶች ስፖቲፋይ ኮኔክትና ጎግል ካስት ማጫወቻው ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያመጣ ያደርጋሉ። የአፕሉ ኤርፕሌይ ግን ብዙውን ጊዜ ዘፈኑን ከስልኩ እያነሳ ነው የሚልከው። እኔ ከድምፅ ጥራት በፊት የምጠይቀው ይህንን ነው።

ለአጠቃቀም ቀላል መሆኑን ሳልገዛው በፊት እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ተዉትና በእጃችሁ ሞክሩት። ከጠፋበት አብሩትና የመጀመሪያው ዘፈን እስኪሰማ ድረስ ስንት ነገር መንካት እንዳለባችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ሲበዛ ዕቃው ውሎ አድሮ ያማርራል። ቀጥሎ ድምፅ ቀንሱ። ለዚህች ስልክ ማውጣት፣ መክፈት፣ ከዚያ አፕ መፈለግ ግድ ከሆነ ያ ዕቃ ለቤት ታስቦ አልተሠራም። በር ሲንኳኳ፣ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ድምፁ አሁኑኑ መቀነስ አለበት። የሚዞር ወይም የሚጫኑት ቁልፍ ከላዩ ላይ ያለው ማጫወቻ ሁልጊዜ ይሻላል።

እናቴ ቤት ያለው ማጫወቻ ፊቱ ላይ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ቁልፎችና አንድ የሚዞር የድምፅ ቁልፍ አለው። 1 ላይ የምትወደው ሬዲዮ፣ 2 ላይ መዝሙር፣ 3 ላይ የድሮ ዘፈኖች ተቀምጠውላታል። እጇ እርጥብ ሲሆን 2ን በክርኗ ትጫነዋለች፤ መዝሙሩ ይጀምራል። አፑ ስልኳ ላይ የለም፣ እንዲጫንላት ጠይቃም አታውቅም። እንዲህ ያለው አስቀድሞ የሚሞላ ቁልፍ ከዝርዝሩ መሃል ሲነበብ ተራ ነገር ይመስላል። ዕቃውን የአንድ ሰው መጫወቻ ከመሆን አውጥቶ የቤተሰቡ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ እንዲህ ዓይነት ነገር የማይመቸውን የቤታችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ምንም ሳታስረዱት «እስቲ ዘፈን ክፈትልኝ» በሉትና ዝም ብላችሁ እዩት። እጁ የት ላይ ግራ እንደሚጋባ ካያችሁ፣ የእናንተም የዘወትር ጣጣ እዚያው ላይ ነው።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይሠራል?

ዘፈኑ ቤት ውስጥ ካለ መሥራት ነበረበት። ሁሉም ግን አይሠራም። ጎግል ካስትን ተማምኖ የሚሠራ ዕቃ ያለ ኢንተርኔት ብዙም አይራመድም። ሲዋቀር ኢሜይልና አካውንት ካልተሰጠው የማይነሳም አለ። ለማረጋገጥ ራውተሩን ሳታጠፉ ከውጭ የሚገባውን የኢንተርኔት መስመር ብቻ ንቀሉ፤ ዋይፋዩ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ማጫወቻውን አጥፍታችሁ አብሩትና ከፍላሹ ወይም ከኮምፒውተሩ ዘፈን ክፈቱ። ከተጫወተ አስተማማኝ ነው።

ፍላሽ ሰክታችሁ ካላነበበላችሁ ዕቃውን ከመውቀሳችሁ በፊት የፍላሹን ፎርማት እዩ። ብዙ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋት32 የሚባለውን ብቻ ነው። ትልልቅ ፍላሾች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ኤክስፋት ሆነው ነው። ዘፈኖቹን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ዘፈኑ መሃል ላይ ለምን ይቆራረጣል?

ሁላችንም ኢንተርኔቱ ላይ ለመፍረድ እንቸኩላለን። ሙዚቃ ግን ብዙ አይጠይቅም። ጥሩ የሚባለው ኤምፒ3 በሰከንድ 320 ኪሎቢት ነው። ምንም ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ እንኳ 1,411 ኪሎቢት፣ ማለትም 1.4 ሜጋቢት ገደማ ነው። ጥርት ያለ ቪዲዮ የሚያሳይ መስመር ለዘፈን አያንስም። በዚያ ላይ ማጫወቻው ጥቂት ሰከንድ አስቀድሞ ስለሚይዝ ትንንሽ መዘግየት አይሰማም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው በራውተሩና በማጫወቻው መካከል፣ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው።

ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲሠራ ከጎረቤት ራውተሮች፣ ከብሉቱዝና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ጋር አንድ መንገድ ላይ ይጋፋል። በዚህ መንገድ ላይ ሳይነካኩ መሥራት የሚችሉት ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ነው፤ ግን ግድግዳ ያደክመዋል። ማጫወቻው ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም በብረት መደርደሪያ ውስጥ ከተሸጎጠ ደግሞ ምልክቱ ቀድሞውኑ ተዳክሞ ነው የሚደርሰው። አንዳንዴ ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ ማውጣት ብቻ ይበቃል።

ምክንያቱን ለመለየት ማጫወቻውን ራውተሩ አጠገብ አምጡትና አጫውቱ። መቆራረጡ ከቆመ ጉዳዩ የርቀት ነው። ከቻላችሁ የኔትወርክ ኬብል ሳቡለት፤ በግድግዳ ጥግ የሚሄድ ኬብል ለዓይን ባያምርም እንደ እሱ የሚታመን ነገር የለም። በኬብልም ከተቆራረጠ ዘፈኑ ወደሚመጣበት ዞር በሉ። ሁልጊዜ አንድ ዘፈን፣ ያውም እዚያው ሰከንድ ላይ ከሆነ የሚቆመው፣ ፋይሉ ተበላሽቷል። ሲከፈት ብቻ የሚዘገይ፣ ከዚያ ደህና የሚሆን ከሆነ ግን ሃርድ ዲስኩ ተኝቶ እየነቃ ነው።

ራውተር ከቀየርኩ በኋላ አፑ «ማጫወቻው አልተገኘም» ይለኛል። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ስልኩና ማጫወቻው አንድ ኔትወርክ ላይ አይደሉም። አዲሱ ራውተር ሁለት የዋይፋይ ስም አውጥቶ ይሆናል፤ ወይም ስልኩ ለእንግዳ ተብሎ በተከፈተው ዋይፋይ ገብቷል። የእንግዳው ዋይፋይ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሆን ብሎ ይከለክላል። የድሮ ማጫወቻ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ስለሚያውቅ 5 ላይ ብቻ የተከፈተ ዋይፋይ ጭራሽ አይታየውም። ራውተሩን ስትቀይሩ የድሮውን የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል እንዳለ አዲሱ ላይ ብትጽፉት ግማሹ ጣጣ ከመጀመሪያውም አይመጣም።

አይፎን ከሆነ ሌላም አለ። በ2020 ከወጣው አይኦኤስ 14 ከተባለው የአይፎን ሲስተም ጀምሮ አፖች ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን ለመፈለግ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያኔ በችኮላ «አልፈቅድም» ብላችሁ ከሆነ አፑ ማጫወቻውን መቼም አያገኘውም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፈቃዱን ክፈቱለት።

የራሴን ዘፈኖች ጫንኩ፤ አልበሞቹ ግን ተበጣጥሰው ታዩ። ለምን?

አብዛኛው ማጫወቻ የፎልደሩን ስም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሚያነበው እያንዳንዱ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን የዘፋኝ፣ የአልበምና የትራክ ቁጥር መረጃ፣ ታግ የሚባለውን ነው። አንዱ ፋይል ላይ የዘፋኙ ስም ከአባቱ ስም ጋር፣ ሌላው ላይ ለብቻው ከተጻፈ ለማሽኑ ሁለት ሰው ነው። አንድ አልበም ላይ እንግዳ ዘፋኝ ከገባ ደግሞ ያቺ ዘፈን ተገንጥላ ብቻዋን ትቆማለች። መፍትሔው የአልበሙ ባለቤት የሚለውን ቦታ ለሁሉም ትራክ አንድ ዓይነት አድርጎ መሙላት ነው። ኤምፒ3ታግ ወይም ሙዚክብሬንዝ ፒካርድ የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች አልበሙን በሙሉ መርጣችሁ በአንዴ እንድታርሙ ያደርጋሉ።

ከላቲን ውጭ በሆነ ፊደል፣ በእኛም ጭምር፣ የተጻፈ ስም ማጫወቻው ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ፋይሉ ደህና ነው፤ ዕቃው ፊደሉ የለውም። ብዙ ጊዜ በስልኩ አፕ ላይ ግን በትክክል ይነበባል።

ሥራው አሰልቺ ነው። ግን አንዴ በደንብ ከተሠራ ማጫወቻ ብትቀይሩም መረጃው ከፋይሉ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ እርማቱን በማጫወቻው አፕ ውስጥ አታድርጉት፤ እዚያ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል።

ኤምፒ3 ይሻላል ወይስ ፍላክ?

የራሳችሁን ሲዲ ወደ ፋይል የምትገለብጡ ከሆነ ፍላክ አድርጉት። ከድምፁ ምንም ሳይጥል የሲዲውን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ ወደፊትም በፈለጋችሁት ጊዜ ወደ ኤምፒ3 ትቀይሩታላችሁ። ከኤምፒ3 ወደ ፍላክ መቀየር ግን ጥቅም የለውም፤ ኤምፒ3 ሲሠራ ከድምፁ የጠፋው አይመለስም። ያላችሁ ኤምፒ3 ብቻ ከሆነም አትጨነቁ፣ እሱን የማያጫውት ማጫወቻ የለም ማለት ይቻላል።

ተከታታይ ሆኖ የተቀረጸ አልበም ስሰማ በዘፈኖቹ መካከል ትንሽ ፀጥታ ይገባል። ይስተካከላል?

ይህ የኤምፒ3 ጠባይ ነው። ፋይሉ ድምፁን የሚይዘው 1,152 ናሙና ባላቸው ቁርጥራጮች፣ ማለትም በሲዲ ፍጥነት በ26 ሚሊሰከንድ ገደማ እየከፈለ ነው። ዘፈኑ ልክ ቁርጥራጩ መጨረሻ ላይ ካላለቀ ቀሪው በዝምታ ይሞላል። ኮንሰርት ላይ ጭብጨባው እየቀጠለ ድንገት ቆረጥ ሲል የሚሰማው ይህ ነው። ፍላክ ይህ ችግር የለበትም። ማጫወቻው ግን በበኩሉ ያለ ክፍተት ማጫወት መቻል አለበት፤ ሴቲንግ ውስጥ «ጋፕለስ» የሚል ነገር ፈልጉ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ማጫወቻው ይጎዳል?

ማጫወቻው ራሱ እምብዛም። የሚጎዳው ማስቀመጫው ነው። የሚዞር ሃርድ ዲስክና ሜሞሪ ካርድ እየጻፉ ሳለ መብራት ከተቋረጠ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ። ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ማጫወቻ የሠሩ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ካርዱ ተበላሽቶ ዕቃው አልነሳ ይላል። ለዚህ ነው ፒኮርፕሌየር የተባለውን ነፃ ሲስተም የምወደው። ሲነሳ ሙሉ በሙሉ ራም በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ስለሚወጣ ካርዱን ብዙም አይነካውም።

ሌላው ጥያቄ መብራት ሲመለስ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ጥሩ ዕቃ ራሱ ተነስቶ ዋይፋዩን እስኪያገኝ ይጠብቃል። ራውተሩ ለመነሳት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ስለሚችል፣ አንዴ ፈልጎ ሲያጣ ተስፋ የሚቆርጥ ማጫወቻ በእጅ ካልተነሳ እንደጠፋ ይውላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱንም አብራችሁ ነቅላችሁ አብራችሁ ሰኩ፤ መልሱን ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ኮምፒውተሬ ላይ ያሉትን ዘፈኖች ለዓመታት ሲያጫውት ኖሮ በድንገት አላይም አለ። ምን ነካው?

ኮምፒውተር ቀይራችሁ ወይም ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭናችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይታወቃል። የድሮ ማጫወቻዎች ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገሩት ኤስኤምቢ1 በሚባል የቆየ መንገድ ነው። ማይክሮሶፍት በደህንነት ምክንያት ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 ዕትም ጀምሮ ይህን መንገድ አብሮ አይጭነውም። ማጫወቻው አላረጀም፤ የሚያውቀው በር ተዘጋበት እንጂ።

መልሶ መክፈት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ የተዘጋው ለቫይረስ ስለሚያጋልጥ ነው። የተሻለው ዲኤልኤንኤ የሚባለውን፣ ዕቃዎች በቤት ኔትወርክ ዘፈን የሚለዋወጡበትን መንገድ የሚያውቅ የሙዚቃ ሰርቨር፣ ማለትም ዘፈን አቅራቢ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ነው። አብዛኛው የቆየ ማጫወቻ ይህን ይረዳል። ካልሆነም ዘፈኖቹን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ቀጥታ መሰካት አለ።

ሁለት ክፍል ውስጥ አንድ ዘፈን ስከፍት ድምፁ ይከተላል፣ እንደ ገደል ማሚቶ ይሆናል። እንዴት ይገጥማል?

ሁለት ማጫወቻዎች እኩል ቢጀምሩ እንኳ የውስጥ ሰዓታቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ ውለው አድረው ይራራቃሉ። ስለዚህ አንዱ መሪ ሆኖ ሌላው እየተከተለ ያለማቋረጥ መታረም አለባቸው። ይህን የሚያደርጉት በአንድ ሲስተም ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው፦ ሁሉም ሶኖስ፣ ወይም ሁሉም ኤርፕሌይ 2፣ ወይም ሁሉም ጎግል ካስት። አንዱን በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ከፍቶ በእጅ ለማስተካከል መሞከር ድካም ብቻ ነው።

ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ 10 ሜትር ለመጓዝ ወደ 29 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ በኮሪደር መሃል ቆማችሁ ትንሽ መለያየት ብትሰሙ ሲስተሙ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ስፒከር ስለራቃችሁ ነው። ብሉቱዝ ስፒከር ከመሃል ከገባ ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚዘገይ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

አፕዴት ሲመጣ ልጫን ወይስ የሚሠራውን አልነካ?

የደህንነት ጉድለት የሚደፍን ከሆነ ጫኑ። ሌላውን ግን ጥቂት ሳምንት ጠብቁት። ሶኖስ በግንቦት 2024 አፑን እንደ አዲስ ሠርቶ ሲለቅ የማንቂያ ሰዓት ማስተካከልንና የመኝታ ሰዓት ቆጣሪን ጨምሮ ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸው ነገሮች አብረው አልመጡም። ስፒከሮቹ ደህና ነበሩ፤ የሚታዘዙበት መንገድ ነው የተበላሸው። ቁጣው በርትቶ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ በጥር 2025 ቦታቸውን ለቀቁ።

ከዚህ በመነሳት ስልኩ ላይ አፖች በራሳቸው እንዲታደሱ የሚያደርገውን ቅንብር ለሙዚቃው አፕ ብቻ መዝጋት ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ አንድሮይድ ላይ ይህ በአንድ አፕ ደረጃ ይቻላል። አፑ ቢበላሽም የሚሠራ ሪሞት ወይም ከላዩ ላይ ቁልፍ ያለው ዕቃ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጊዜ ሳይንገጫገጭ ያልፋል።

ኩባንያው ዕቃውን ቢተወው ወይም ሰርቨሩን ቢዘጋስ?

ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሎጂቴክ ስሊም ዲቫይስስን በ2006 ገዛ፣ ስኩዊዝቦክስ የተባሉትን ማጫወቻዎች መሥራት በ2012 አቆመ፣ የኢንተርኔት አገልግሎታቸውንም በ2024 ዘጋ። ማጫወቻዎቹ ግን ዛሬም ይጫወታሉ። ሰርቨሩ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የሚጭነው ፕሮግራም ስለነበር ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተረክበው ሊሪዮን ሚዩዚክ ሰርቨር በሚል ስም ቀጠሉበት።

ከስፒከር ጋር በኬብል የሚገናኘውን ትንሽ ማጫወቻ፣ የክሮምካስት ኦዲዮን ነገር ከዚህ ጎን እዩት። ጎግል በ2015 አውጥቶ በ2019 ማምረቱን አቆመ። በመጋቢት 2025 ውስጡ ያለ የደህንነት ሰርተፍኬት ጊዜው ሲያልፍበት በአንድ ቀን በየቤቱ ያሉት አልታዘዝ አሉ። ጎግል በቀናት ውስጥ አስተካከለው፤ ባያስተካክለው ግን ምንም ያልነካው ዕቃ ከጥቅም ውጭ መሆኑ ነበር።

ስለዚህ ስትገዙ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ያለ አካውንት ከፍላሽ ወይም ከቤት ኮምፒውተር ይጫወታል ወይ? ሁለተኛ፣ ጀርባው ላይ ኦክስ፣ ማለትም ከሌላ ዕቃ ድምፅ የሚያስገባ ኬብል፣ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው ወይ? ያ ቀዳዳ ካለው ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ከጊዜው ወደኋላ ቢቀርም ሌላ ርካሽ ማጫወቻ ሰክታችሁ በዚያው ስፒከር መስማታችሁን ትቀጥላላችሁ። ዘፈኖቻችሁን ደግሞ ማጫወቻው ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ፤ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ከማጫወቻው ነቅላችሁ ለብቻው አኑሩት።